ባለ አንድ ነጥቧ ቢራቢሮ

ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዓይንም ጆሮም የለውም ብለው የሚያስቡ ሰዎች አሉ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት እነሱ ደጅ ቆሜ ነው። ስለ መሬቴ ስናገር «ካርታ አምጪ»፣ ስለ ዕድሜዬ ስናገር «የልደት ካርድ አምጪ»፣ ስለ ባሌ ስናገር «ማስረጃ አምጪ» እባላለሁ። ያን ዕለት ግን አምጪ ያሉኝን ይዤ ልሄድባቸው ተነሳሁ።

ሚኒባሱ ላፍቶ ላይ በቅጡ ሳይቆም ነው የጫነኝ። አንድ እግሬ አስፋልቱ ላይ፣ አንድ እግሬ መኪናው ውስጥ ሳለ ረዳቱ «ሳበው!» ብሎ ጣራውን መታ። በቀኝ እጄ በሩን፣ በግራ እጄ የባሌን የደገፋን ቀለበት ጨብጬ እየተንገዳገድኩ ገባሁ። ቀለበት ስል የጣት እንዳይመስላችሁ፤ ደገፋ የጣት ቀለበት አላሰረልኝም፣ እኛም ያኔ አናውቀውም። ይኼኛው የብረት ነው። የሰፌድ ስፋት አለው፣ ዝገት በልቶታል፣ ጫፍና ጫፉ በመዳብ ሽቦ ተጠፍሯል።

«ማዘር፣ የምን ጎማ ነው የያዙት?» አለኝ ረዳቱ።

«ለአፍህ ልጓም ነው። ይልቅ ቦታ ስጠኝ።»

ከኋላ ያሉት በሳቅ ፈረሱ። «ተቀበል እንግዲህ!» አለው አንድ ጎረምሳ። ረዳቱም ሳቀና ቦታውን ለቀቀልኝ፤ ቀለበቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለችው ሴት ዝገቱ ቀሚሷን እንዳይነካ ተሸማቀቀች። አልፈረድኩባትም። እኔም ከዚህ ብረት ስሸሽ ስንት ዘመን ኖሬአለሁ፤ ጫጩት የምከድንበት ቅርጫት ክፈፍ አድርጌው ነበር።

የምሄደው መካኒሳ ነው፤ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ቢራቢሮና ነፍሳት የሚያጠኑበት ቤት አለ። የጠራችኝ እዚያ የምትሠራው ሴና ናት። «አዴ ገዲሴ፣ ሳጥኖቹ ነገ ታሽገው ወደ ኤግዚቢሽኑ ይሄዳሉ። ዶክተር ያለ ማስረጃ ስም አልለውጥም ብለዋል» አለችኝ በስልክ። አዴ በእኛ በኦሮሞዎች ዘንድ ትልቅ ሴት የምትጠራበት ነው። ልጅቷ አፏ ሥርዓት አለው፤ አባቷ የፉሪ ሰው ናቸው።

ሴናን ያገኘኋት ክረምቱ ሲወጣ ነው። ከአጥሬ ጀርባ፣ ወንዙ ዳር በቀረችኝ ቁራጭ መሬት ላይ ተንበርክካ አገኘኋት። ላፍቶ ውስጥ ጎንበስ ብሎ መሬት የሚያይ ሰው ወይ ቀያሽ ነው ወይ ደላላ፤ ዱላዬን ይዤ ወረድኩባት።

«ምን ጠፋብሽ?»

«ምንም አልጠፋብኝም አዴ። ቢራቢሮ ነው የማየው።»

«ሥራ የለሽም?»

«ሥራዬ እሱ ነው።»

ዱላዬን ወደ ታች አወረድኩ። በዚያ ገደል ውስጥ እንዲህ ብሎ የመለሰልኝ የመጨረሻው ሰው ባሌ ነበር። ያን ቀን ለሴና የነገርኳትን ለልጄ ለኦብሴ እንኳ በሙሉ ነግሬያት አላውቅም። ልጅቷ ሰምታ ስትጨርስ ቀስ ብላ «አዴ፣ እኛ ቤት የድሮ ሳጥን አለ» አለችኝ። «የመምህር እንግዳ የሚባል ሳጥን። ውስጡ ላፍቶ ወንዝ የሚል ጽሑፍ አለ።»

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ደገፋ በያዛቸው ቢራቢሮዎች ሥር የደገፋ ስም እንዲጻፍ። መቃብር የለውም፤ ስሙ የተቀረጸበት ድንጋይ የለም። ሌላ የሚጻፍበት ቦታ የለኝማ።

መኪናው ወደ መካኒሳ ድልድይ ሲቃረብ እንደ ልማዴ ፊቴን አዞርኩ። ድልድዩ ዛሬ ሰፍቷል፣ ዳርና ዳሩ ላይ ሱቅ በሱቅ ሆኗል፤ ለእኔ ግን ያው ነው።

ያኔ ላፍቶ ከተማ አልነበረም። ላፍቶ የግራር ስም ነው፤ ግራሩም ነበረ፣ ጤፉም ሽምብራውም ነበረ። ደገፋ ገበሬ ነው። አንድ ቀን ወንዝ አፋፍ ላይ ሣር ሲያጭድ አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ከዘራውን ተደግፎ ወደ ገደሉ ቁልቁል ሲያይ አገኘው። መምህር እንግዳ የሚባለው ነበር፤ መካኒሳ የሚኖር የትምህርት ቤት አስተማሪ። ቢራቢሮ ይሰበስባል፤ ቢራቢሮው ግን ገደሉ ውስጥ ነው። ከልጅነቱ አንድ እግሩ የሰለለ ነውና መውረድ አይችልም። መምህሩ ኦሮሚኛ ይችላል፤ በዚያው ተግባቡ። መምህሩ ይኼን የብረት ቀለበት አምጥቶ ሰጠው፤ መረቡን እኔ ከአሮጌ ነጠላዬ ሰፋሁለት። የቢራቢሮውን ክንፍ በጣት እንዳይነካ፣ ደረቱን ብቻ ጫን አድርጎ በሦስት ማዕዘን ወረቀት እንዲያጥፈው አስተማረው። ወረቀቱን የሚሰጠው መምህሩ ነው፤ በማባዣ የተባዛ የድሮ ፈተና፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው።

ደገፋ ዝሆን ያደነ ያህል ነበር የሚደሰተው። አጨዳውን ትቶ ቢራቢሮ ያሳድዳል፣ እኔ እሰድበዋለሁ፣ እሱ ይስቃል።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት እየሮጠ መጣ። «ባልና ሚስት ያዝኩ!» አለኝ። ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ አሳየኝ። አንደኛዋ ደማቅ ብርቱካን፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁር፤ ሌላው ከሰል የመሰለ፣ በየክንፉ ላይ እንደ ዓይን የፈጠጠ ነጭ፣ የነጩ ዙሪያ ሲያዘነብሉት ወይን ጠጅ የሚያበራ።

«ዶሮና ቁራ ተጋቡ በለኛ!» ብዬ ሳቅሁበት።

«ተጣምረው ነው ያገኘኋቸው እኮ! በዓይኔ አይቼ!»

«ብርቱካኗ ያቺ አጥራችን ሥር ያለችው ናት። ወተት የሚያወጣው ቁጥቋጦ ላይ የምትርመሰመሰው። ባሏም እንደ እሷ ብርቱካን ነው።»

«መምህሩ ይዳኘናል» አለኝ። መረቡን ቤት ትቶ ሄደ፤ ድልድዩ ላይ የአብዮት ጥበቃዎች ስለቆሙ እንጨትም ብረትም ያስጠይቅ ነበር። ወረቀቶቹን ብቻ በከረጢት ይዞ ወጣ።

ድልድዩ ላይ ያዙት፤ በኋላ ያየ ሰው ነው የነገረኝ። «ምንድን ነው የያዝከው?» አሉት በአማርኛ። ደገፋ አማርኛው የገበያ ነው፤ ጨው፣ ስንት ነው፣ ቀንስ፣ ይኼው ነው። ቢራቢሮን የምናውቃት ቢላቻ ብለን ነው፤ የአማርኛ ስሟን ማን ነግሮት? እጁን እንደ ክንፍ አርገበገበና የሚያውቀውን ገጣጠመ። የሚበር ነገር፣ ወረቀት ውስጥ ያለ፣ ለማለት ፈልጎ «በራሪ… ወረቀት» አላቸው።

በራሪ ወረቀት! በዚያ ዓመት! ያኔ ሌሊት ሌሊት መንግሥትን የሚሰድብ ወረቀት የሚበትኑ ነበሩ፤ በራሪ ወረቀት የሚባለው እሱ ነው፤ የተገኘበት ሰው አይመለስም። ከረጢቱን ቢፈቱት ደግሞ በማባዣ የተባዛ ወረቀት። ክንፉ ሲረግፍ እያዩ እንኳ አላመኑም። ቢራቢሮው መሸፈኛ ነው አሉ።

«ማዘር፣ ወራጅ አለ፤ መካኒሳ አቦ!» አለ ረዳቱ። እጁን ዘርግቶ አወረደኝ፤ ቀለበቱንም አቀበለኝ። «ልጓሙን እንዳይረሱት» አለኝ። ባርኬው ሄድኩ።

*

ያ ቤት የእሳት እራትን የሚያርቁበት መድኃኒት ይሸታል፤ ሣጥን ውስጥ የቆየ ልብስ ሽታ። ሴና በር ላይ ተቀበለችኝ፣ ክንዴን ይዛ አስገባችኝ። ግድግዳው ሙሉ መሳቢያ ነው። በአንደኛው ጥግ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ባርኔጣ፣ ከዘራ፣ ቀጭን አፍንጫ። አወቅሁት። ከፎቶው ሥር አበባ ተቀምጧል።

«ኤግዚቢሽኑ ለእሱ መታሰቢያ ነው?» አልኳት።

«ነው፣ አዴ።» ፊቷን አዞረች። ቶሎ ብላ አንድ መሳቢያ ስባ አወጣች፤ ክዳኑ መስተዋት ነው። «መጀመሪያ ይኼን ይዩልኝ። እነዚህን ያውቋቸዋል?»

ተራ በተራ በመርፌ የተሰኩ ብርቱካኖች። «እኔን ነው የምትጠይቂኝ? የወተት ቁጥቋጦዋ ናቸው። ስወድቅ ስነሳ የማያቸው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«አንዷ ሌላ ናት። እስቲ ይለዩዋት።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። መነጽር የለኝም፣ ዓይኔ ግን ገና ነው። አንዷም አልተለየችኝም። «ልጄ፣ ታላግጪብኛለሽ? አንድ ናቸው።»

ማጉያ መስተዋት ሰጠችኝ፤ በቀጭን ወረንጦ ጫፍ አመለከተችኝ። «የኋላ ክንፋቸውን ይዩ። እነዚህ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥቦች አሏቸው፤ ሦስትም አራትም። አሁን ይቺን ይዩ።»

አየሁ። አንድ ነጥብ ብቻ፤ እሷም መሃል ላይ ሳይሆን ወደ ላይኛው ጠርዝ ሸሽታለች።

«አርጅታ ነዋ። ነጥቧ ጠፍቶ።»

«ቢራቢሮ ነጥቧ በእርጅና አይጠፋም፣ አዴ።» ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች።

«ሳቂ፣ ሳቂ። አንቺም ታረጃለሽ።»

ከዚያ ነገረችኝ። እኔ የማውቃት ብርቱካን ትል ሳለች ያንን ወተታም ቅጠል እየበላች ታድጋለች፤ ወተቱ ሥጋዋ ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ መራራ ናት። ወፍ አንድ ጊዜ ከቀመሰቻት ታስመልሳለች፣ ሁለተኛ አትነካትም። ይቺኛዋ ግን ሌላ ዘር ናት። ያንን ቅጠል አትበላም፣ ሥጋዋ መራራ አይደለም። የመራራዋን ልብስ ለብሳ ነው የምትኖረው። ወፍ አይታ ትፈራታለች።

«ባሏስ?» አልኳት።

«ባሏ አይመስላትም። ባሏ…» ሌላ መሳቢያ ሳበች። ከሰል የመሰለ፣ ነጭ ዓይን ያለው፣ ስታዘነብለው ወይን ጠጅ የሚያበራ። ክንፉ በአንድ ወገን ተሸርፏል። «ይኼው።»

ወንበር ሳይሰጡኝ ተቀመጥኩ። ደገፋ እውነቱን ነበር። እኔ ነኝ የተሸነፍኩት፤ መሸነፍ ደግሞ አልወድም፣ የሞተ ሰው ሲያሸንፈኝ ደግሞ መልስ እንኳ የምሰጠው የለኝም።

«ሁለቱ ሥር አንድ ዓይነት ቁራጭ ወረቀት አለ» አለች ሴና፣ በወረንጦዋ እየጠቆመች። «የመምህር እንግዳ ጽሑፍ ነው። ላፍቶ፣ ወንዝ ዳር፣ ኅዳር አሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባ። ተጣምረው የተያዙ። መምህሩ አንድ ላይ ነበር ያኖሯቸው። በኋላ ሳጥኖቹን ያደራጁ ሰዎች ናቸው በመልክ የለዩዋቸው። ብርቱካኗን ከብርቱካኖቹ፣ ጥቁሩን ከጥቁሮቹ።»

«ባልና ሚስት ለዩ በይኛ።»

«እኛ ጋ መለየት ማለት ማወቅ ማለት ነው፣ አዴ። ይኼ ይኼ ነው፣ ያ ያ ነው ማለት። ሥራችን እሱ ነው።»

«ለእናንተ ማወቅ ነው። ለእኔ መነጠል ነው። ከአንድ ቃል እናንተ ሥጋውን በላችሁ፣ እኔ አጥንቱ ደረሰኝ።»

ልጅቷ ወደ መሳቢያው ዞረች። የብርቱካኗን መርፌ በወረንጦ ያዘች፤ ትንፋሿን ይዛ ነቀለቻት፤ ከጥቁሩ ጎን አምጥታ ተከለቻት። ክንፍ ለክንፍ ሊነካኩ ትንሽ ቀራቸው። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየን።

በሩ ተከፈተ።

*

ዶክተር አዶኒያስ ፀጉሩ የሸበተ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ፊቱን ስመለከት ወደ ግድግዳው ፎቶ ዞርኩ፣ ከፎቶው ወደ እሱ። አፍንጫው ያው ነው። የመምህሩ ልጅ መሆኑን ሴና ነግራኝ ነበር፤ አፍንጫውን ግን አልነገረችኝም።

«እናቴ፣ እንኳን ደህና መጡ። ሻይ ይምጣልዎት?»

«አልጠማኝም።»

ተቀመጠ። ጣቶቹን አቆላለፈ። «ሴና ሁሉን ነግራኛለች። በደረሰብዎት ነገር በጣም ነው የማዝነው። ነገር ግን ይኼ ሳይንስ ነው። ወረቀቱ ላይ ሰብሳቢ እንግዳ ይላል። አባቴ ስለሆነ አይደለም፤ የማንም ቢሆን ያለ ማስረጃ መለወጥ አልችልም።»

«አመጣሁልህ እኮ።» ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። ብረቱ ጮኸ፤ ዝገቱ ነጩ ወረቀቱ ላይ ረገፈ።

«ይኼ… ምንድን ነው?»

«የመረብ ቀለበት። ብረቱ የአባትህ፣ ጨርቁ የእኔ፣ ክንዱ የደገፋ።»

በአንድ ጣቱ ነካ አደረገው። «እናቴ፣ አይቀየሙኝና፣ የብረት ቀለበት የትም…»

«የትም ይገኛል። እሺ፣ ሌላ ልጨምርልህ። አባትህ ሲሄድ ምን ይይዝ ነበር?»

መልሱ ከኋላው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

«ከዘራ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከልጅነቱ።»

«ላፍቶ ወንዝ ገደል ወርደህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እኔ ወርጃለሁ» አለች ሴና ሳትጠየቅ። «በሁለት ጤነኛ እግር። ግማሹን በመቀመጫዬ ነው የተንሸራተትኩት፣ ዶክተር።»

«ንገረኝ እንግዲህ፣ የተማርክ ሰው ነህ» አልኩት። «ተጣምሮ የሚበር ቢራቢሮ ገደል ውስጥ በከዘራ ይያዛል?»

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ፣ በክራባቱ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ ሳያደርገው ያዘው። «አባቴ ስለ አንድ ረዳት ተናግሮ አያውቅም» አለ። «አንድም ቀን።»

«አውቃለሁ። ተናግሮ ቢሆን ኖሮ እኔ እዚህ ምን አመጣኝ? አባትህ ስለ ባሌ የተናገረውን ልንገርህ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ አይሰለችህም።»

ነገርኩት። ምሳውን ይዤ እየሮጥኩ ቀበሌው ደጅ መድረሴን። ደገፋ እጁ የኋሊት ታስሮ መቆሙን። «ወረቀቱ የመምህር እንግዳ ነው» ስላለ መምህሩን ከቤቱ ማስጠራታቸውን። ባርኔጣውን አውልቆ መግባቱን። ሊቀመንበሩ «ጓድ መምህር፣ ይህን ሰው ይለዩታል?» ብሎ መጠየቁን።

«ደገፋ ሲያየው ፈገግ አለ» አልኩት። «ይኼን ስማ። ፈገግ አለ፤ ያው ሰው መጣልኝ ብሎ። ባልና ሚስት መያዙን ሊነግረው አፉን ሁሉ ከፍቶ ነበር። አባትህ አየው፣ ደህና አድርጎ አየው። ‹አላውቀውም› አለ። ከዚያ በከዘራው ጫፍ ወረቀቶቹን አመለከተና ‹ቢራቢሮዎቹ ግን የእኔ ናቸው፤ ተሰርቀውብኝ ነው› አለ። ከረጢቱን ሰጡት። ደገፋን አስገቡት።»

ሴና እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ለእሷም አልነገርኳት ነበር።

«እኔ ያኔ አማርኛ አልሰማም። አጠገቤ ቆሎ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ‹አላውቀውም ማለት ምንድን ነው?› ብዬ ጠየቅኋት። ‹ሂን ቤኩ› አለችኝ በኦሮሚኛ፤ የቀረውንም ተረጎመችልኝ። የተማርኩት የመጀመሪያው አማርኛ እሱ ነው፣ ዶክተር። ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ የተገነባ ነው። ከዚያ በየእስር ቤቱ ደጅ ዞርኩ፤ ኦብሴን አርግዤ፣ ኦብሴን አዝዬ። የሁሉም መልስ አንድ ነበር። ‹አናውቀውም።›»

ዶክተሩ ወረቀቱ ላይ የረገፈውን ዝገት በጣቱ ሰበሰበ። ሲናገር ድምፁ ያ ለስላሳው አልነበረም። «ምናልባት… ሌባ ቢባል ይሻላል ብሎ ይሆናል። በዚያን ጊዜ በራሪ ወረቀት የያዘን ነው የሚገድሉት። ሌባን ገርፈው ይለቁታል። ሊያድነው አስቦ ይሆናል፣ እናቴ።»

«ይኼን እኔ ያላሰብኩት ይመስልሃል? አስቤዋለሁ። ደግ ስሆን፣ ጾም ላይ፣ አስቤዋለሁ። ሊያድነው ነው፣ ፈርቶ ነው፣ ልጅ ነበረው፤ አንተ ማለት ነው፤ ብያለሁ። ታዲያ ያ መንግሥት ሲወድቅስ? ፍርሃቱ ሲያልፍስ? አባትህ እስኪሞት መካኒሳ ነው የኖረው፤ እኔ ላፍቶ። ድልድዩ ነው የሚለየን። አንድ ቀን ደጄን መጥቶ ያልረገጠው እግሩን አሞት ነው?»

በመስኮቱ የሚኒባስ ጡሩምባ ይሰማል፤ መካኒሳ ማንም ቢያለቅስ ዝም አትልም።

«ያን ሳጥን» አለ ዶክተሩ፣ ለራሱ እንደሚናገር፣ «ማንም እንዲከፍተው አይፈቅድም ነበር። እናቴም ብትሆን። ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ስከፍተው አገኘኝ። መትቶኝ የማያውቅ ሰው ያን ቀን መታኝ። ለቢራቢሮዎቹ ሳስቶ መስሎኝ ነበር።»

አዘንኩለት ልላችሁ ነበር። ትንሽ አዘንኩ። ነገር ግን ሐዘኔ ገና ከአፌ ሳይወጣ ሰውየው መነጽሩን አደረገ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ዶክተርነቱን መልሶ ለበሰ።

«እንዲህ ብናደርግስ?» አለ። «የአባቴን ስም ከእነዚህ ከሁለቱ ላይ አነሳለሁ። ይኼ ቀላል አይደለም፣ ኤግዚቢሽኑ ለእሱ ነው፤ ግን አነሳለሁ። በምትኩ ‹ሰብሳቢ፣ ያልታወቀ› ብለን እንጻፍ። በእኛ ሙያ የተለመደ ነው። ማንንም አይጎዳም።»

«ዶክተር!» አለች ሴና።

«ተይው» አልኳት። «ተይው፣ የአባቱ ልጅ ነው። አባቱ ‹አላውቀውም› አለ። ልጁ ‹ያልታወቀ› ይላል። እድገት ነው፤ ቀበሌው ደጅ የተባለው አሁን በጽሑፍ ሆነ።»

«እናቴ፣ እንደዚያ ማለቴ…»

«ምን ማለትህ እንደሆነ አውቃለሁ። አንተ ነህ የማታውቀው። በአንድ ነጥብ፣ ከዝንብ ዓይን በምታንስ ነጥብ፣ ያቺን ብርቱካን ከሌሎቹ ትለያለህ። ሞታ፣ ደርቃ፣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት እየተቃረበ፣ ማን እንደሆነች፣ ምን እንደበላች፣ ባሏ ማን እንደሆነ ትናገራለህ። ስሟን አትስትም። ሙሉ ሰው፣ ሚስቱ ፊትህ ተቀምጣ፣ የመረቡ ብረት ጠረጴዛህ ላይ ወድቆ፣ ያልታወቀ ይሆንብሃል?»

ፊቱ ቀላ። ተነሳ፤ ወደ መሳቢያው ሄደ። ሁለቱን ቢራቢሮዎች ጎን ለጎን ሆነው አያቸው፤ ሴና መልሳ እንዳጋባቻቸው አሁን ገና ማየቱ ነው። እጁ መስተዋቱ ላይ ቀረ።

እኔም ተነሳሁ። ሴና ልትደግፈኝ መጣች፣ እጇን ገፋሁት። ቀለበቱን ከጠረጴዛው አንስቼ ከፊቱ ያዝኩት፤ ዝገቱ መዳፌን አቀላው።

«ስማኝ፣ አዶኒያስ» አልኩት። ዶክተር አላልኩትም። «ብዕር አንሳ። ‹የያዛቸው ደገፋ ለሊሳ ነው፣ የላፍቶ ሰው› ብለህ ጻፍ። በራስህ እጅ፤ በዚች ልጅ እጅ አይደለም። ጽፈህ ስትጨርስ አንተ አታንብብልኝ፤ እኔ የጻፈው ሰው የሚያነብልኝን አላምንም። በር ላይ ያለውን ጥበቃ ጥራው፣ ምንም ሳትነግረው እሱ ያንብበው። ዓይኔ ፊደል አይለይም፤ ጆሮዬ ግን የባሌን ስም ይለያል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። ባርኔጣ የለህም፣ ብቻ ቀና ብለህ ቁም። አባትህ እንደቆመው፣ ፊት ለፊት ቁም። ሊቀመንበሩ የጠየቀውን እኔ እጠይቅሃለሁ።»

ቆመ።

«ይህን ሰው ትለየዋለህ? መልስልኝ። ጮክ ብለህ፣ ድልድዩ ድረስ ይሰማ።»